ደምሰው የሞላው ዘይት

ሸዋሮቢት ላይ ሰው የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነው፤ በመኪናዬና በአፌ። ስለ አፌ ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ ይሻላል። መኪናዬ ግን አሮጌ፣ ረጅም፣ ነጭነቷ ወደ ክሬም የሄደ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ናት። ባሌ ደምሰው ከአንድ ተዘግቶ ከቀረ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝቶ ያመጣት ቀን አስፋልቱን ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል። «ከእኔና ከእሷ አንዳችንን ምረጥ» ስለው «እሷ ዘይት ከተቀየረላት አትጮህም» ይለኝ ነበር። እንዲህ ነበር ጨዋታችን።

ሥራችን ሌላ መኪና የማይገባበት መግባት ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ካላችሁ ቆላው አሸዋ ነው፤ ወንዞቹ በበጋ ደረቅ አሸዋ ይሆናሉ፣ በክረምት ደግሞ ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣባቸዋል። ማሾ የሚገዛ ነጋዴ፣ ክትባት የምታደርስ ነርስ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ፣ ሁሉም ደምሰውን ይፈልጋል። እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ጥር ላይ፣ የሠፈሩ ሰው ዳር ቆሞ እየሳቀብኝ። ልጅ አልወለድንም። ሲሞት መሪው እኔ እጅ ቀረ፤ ሌላ ምን አለኝና።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ እሱ በሞተ በሦስተኛው ክረምት ነው። ግን እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ አንድ ቅዳሜ ላውራ።

ከካምቢዮው ኋላ የተለጠፈች የብረት ሣጥን አለች፤ እኛ ሾፌሮች ትራንስፈር እንላታለን። የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ የምታካፍለው እሷ ናት። የራሷ ዘይት አላት። ፊትና ኋላ ያሉት ዲፈረንሻሎችም እንደዚሁ። የሞተር ዘይትን ማንም ያያል፤ መለኪያ ዘንግ አለው፣ ስቦ ጠርጎ መለካት ነው። የትራንስፈር ዘይት ግን መለኪያ የለውም። መኪናው ሥር በጀርባ ተኝታችሁ፣ የላይኛውን ብሎን ፈትታችሁ፣ ጣታችሁን በቀዳዳው ታስገባላችሁ። ዘይቱ ጣታችሁን ከነካ ደህና ነው፤ ካልነካ ጎድሏል።

ያን ቅዳሜ ደምሰው ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፏ ሥር አቁሟት ሁሉንም ዘይት ቀየረ። እኔ በእጅ ባትሪ አበራለታለሁ። «ሁልጊዜ የላይኛውን ብሎን ነው መጀመሪያ የምትፈቺው» ይላል፣ ለመቶኛ ጊዜ። «የላይኛው እንቢ ካለሽ የታችኛውን እንዳትነኪ። የታችኛውን ከፍተሽ ካፈሰስሽው በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢልሽ በምን ትሞዪዋለሽ?» እኔም ለመቶኛ ጊዜ «ሰማሁ!» እላለሁ። ሞልቶ ሲጨርስ ትንሿን ጣቱን አስገብቶ አወጣና «እዪ፣ ማር የመሰለ» ብሎ ጉንጬን ቀባኝ። የስድብ መዓት አወረድኩበት። በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩት። ወይ ነዶ፣ ያን ጉንጭ መታጠቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰኞ ራሱን አመመው። ወባ መስሎን ነበር። በስምንተኛው ቀን ቀበርነው።

እንግዲህ ልብሱን በተዝካሩ ለዘመድ ሰጠሁ፤ ወጉ ነው። ጫማውን ወንድሙ ወሰደ። የተኛበትን ፍራሽ እህቴ ሳትጠይቀኝ አውጥታ አራገፈችው። ትራንስፈር ውስጥ ያለውን ዘይት ግን ማንም አያየውም፣ ማንም አይጠይቀኝም። በእጁ የሞላው ነው። ወንዝ ስሻገር፣ ዳገት ስወጣ፣ እዚያ ከእግሬ ሥር እየዞረ አብሮኝ ይሄዳል። ሳቁብኝ ብትፈልጉ። ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ስለፈልፍ እውልና መሪውን ስይዝ «ደምስ፣ ሰማኸው የዚህን ሰውዬ ነገር?» እላለሁ፣ ወደ ታች።

የሞተሩን ዘይት በጊዜው አስቀይራለሁ። መካኒኩ ጌታቸው፣ የደምሰው የልብ ጓደኛ ነው፣ በመጣሁ ቁጥር ወደ ታች ያጎነብሳል።

«ብዙነሽ፣ ክረምት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ስትገቢ ከርመሻል። በመተንፈሻዋ ቱቦ ውሃ ይገባል። ይቺን እንክፈታት።»

«ተዋት።»

«ደምሰው ቢኖር በዚህ ይሰድብሽ ነበር።»

«ይኑርና ይስደበኛ!»

ከዚያ ወዲህ አፉን ያዘ። አንድ ቀን ግን ሁለት ሊትር ያልተከፈተ የካምቢዮ ዘይት አምጥቶ ከኋላ ወንበር ሥር ወረወረው። «ቀኑ ሲደርስ ትጠሪኛለሽ» አለኝ። ቀኑ መድረሱንማ አውቃለሁ። ደምሰው ዘይቷ የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር መሪው አጠገብ በነጭ ፕላስተር ላይ በእጁ ጽፎ ለጥፎታል። ቁጥሩ እየቀረበ ሲመጣ እንደ ቀጠሮ ነበር የጠበቅሁት። ሲደርስ ጀውሃ ከተማ መግቢያ ላይ ነበርኩ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ አለቀስኩ፣ ነዳሁ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከቆመችበት ሥር ጠብታ አየሁ፤ አሸዋ በተንኩበት። ስትፈጥን ታላዝናለች፤ ቴፑን ከፍ አደረግሁ። እብደት በሉት። እኔ ናፍቆት ነበር የምለው።

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። ስድስት ሰዓት ገደማ በሬ ላይ ቆሜ ከአንድ ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ጋሽ ሰይድ መንገዱን አቋርጠው መጡ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የሽንኩርት መጋዘን የሚጠብቁ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከጀውሃ ወደ ቆላው ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው። ሐሙስ ይሄዳሉ፣ ጁምዓን ከሚስታቸው ጋር ይውላሉ፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ያን ቀን ስልካቸውን ጨብጠው፣ አንድ እግራቸውን ብቻ ጫማ አጥልቀው ነው የመጡት።

«ብዙነሽ፣ መኪናሽ ትሄዳለች?»

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ቤት።»

«ምነው፣ በደህና?»

«ዘሐራ ሞተች።»

ስልካቸው እንደገና ጮኸ፤ የሚስታቸው ወንድም ነው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። «ሰይድ፣ እስከ አስር ሰዓት ሶላት እንጠብቅሃለን። ከዚያ በላይ በዚህ ሙቀት አይሆንም፣ ታውቀዋለህ። ፊቷን ሳንሸፍን እንቆይሃለን።» ጋሽ ሰይድ «ሸጋ» ብቻ አሉ። ስልኩን ኪሳቸው ሊከቱ ሁለት ጊዜ ሳቱት።

አንድ ባለ ሚኒባስና አንድ ባለ ባጃጅ በስልክ ጠይቀው እንቢ ሲሏቸው ነው ወደ እኔ የመጡት። ወንዞቹ ሞልተዋል፣ ማን ይገባል? «ይግቡ ጋሼ» አልኳቸው። «ሌላኛውን ጫማዎን ያድርጉና ይግቡ።»

እስከ ጀውሃ አስፋልት ነው፤ በረርን። ጋሽ ሰይድ ከጎኔ ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ። ጀውሃ ደርሰን ወደ ቀኝ ታጥፈን ጥርጊያ መንገዱ ላይ ስንወርድ ነው ያወሩት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። በሳምንት አንድ ቀን ነው የማያት። ሲደመር ስንት ይሆናል፣ ልጄ?»

«አይደምሩት ጋሼ።»

«ዘንድሮ ማሾው ሲገባ ሥራውን ትቼ ጠቅልዬ ልገባ ነበር። ነግሬያት ነበር። ‹አንተ ሰውዬ፣ ይህን ስትል አስረኛህ ነው› አለችኝ። ጁምዓ ዕለት ነው ይህን ያለችኝ።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አሁን ምንም አልፈልግም። ፊቷን አንዴ ልየው። አንዴ።»

አንጀቴን በሉት። የደምሰውን ፊት እኔ አይቼዋለሁ፤ ሲገንዙት በሩ ላይ ቆሜ፣ እስክጠግብ ባይሆንም። ያ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «እናደርስዎታለን» አልኩ። እናደርስዎታለን ያልኩት ማንን ጨምሬ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያውን ወንዝ በቀላሉ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ውሃው የመኪናዋን በር ነካ፤ አራቱንም ጎማ አስገብቼ ስረግጥ ከእግሬ ሥር ጩኸት ወጣ። የወትሮው ማላዘን አይደለም፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ነው። ወጣን። ሽታው ግን መጣ፤ የተቃጠለ፣ የሚሰነፍጥ ነገር። ጋሽ ሰይድ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ያዙ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነዳሁ።

ሦስተኛው ወንዝ ትልቁ ነው። ከእሱ ወዲያ መንደራቸው ግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ውሃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ እስከ ወገብ ይደርሳል። ከመግባቴ በፊት ከባዱን ማርሽ ላስገባ ማንሻውን ስስብ እንቢ አለኝ። ደግሜ ስስብ ጓ! ብሎ ተመለሰ። ወደፊት ገፋ ሳደርጋት የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ዞሩና አሸዋው ውስጥ ዘፍ አሉ። የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ቆሌዬ ተገፏል። ምን እንደሆነች ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? «ዘይት ጎድሏት ነው» አልኩ። «ይስተካከላል።»

ስልኬን አየሁ፤ ስምንት ከሩብ ይላል። ኔትወርክ የለም። ደውለን ጠብቁን ማለት እንኳ አንችልም። ጋሽ ሰይድ ወርደው ውሃው ዳር ቆሙ።

«በእግሬ ልሻገር?»

«ውሃው ይወስድዎታል! እርስዎንም እንድቀብር ነው? ይቀመጡ።»

ደነገጥኩና ጮህኩባቸው። ጩኸቴን ከመንገድ ማዶ ለምደውት መሰለኝ፣ ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ የመፍቻውን ሣጥንና የጌታቸውን ሁለት ሊትር ዘይት አውርጄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በጀርባዬ ገባሁ። ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች ክሪክ አያስፈልጋትም። ትራንስፈሯ እሳት ናት፤ ሙቀቷ ፊቴን ይጠብሳል። ሆዷ በዘይት ወዝቶ አፈር ለብሷል። እዚያ ሥር ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

የላይኛው ብሎን ዝጓል። መፍቻውን ሰካሁ፣ ተንጠለጠልኩበት፣ አልነቃነቅም አለ። በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ጠመጠምኩበት። በመዶሻ ዙሪያውን ቀጠቀጥኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ «በማርያም፣ በማርያም» እላለሁ። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ያን የሚያህሉ ሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሆዳቸውን አሸዋው ላይ አድርገው አጠገቤ ገቡ።

«የቱን ነው የምጎትተው?»

መፍቻው ላይ የብረት ቧንቧ አጥልቀን አብረን ጎተትን። አንድ፣ ሁለት፣ ቢስሚላሂ! ቀጭ አለ። ተፈታ።

ጣቴን አስገባሁ። ምንም የለም። ጣቴን አጥፌ ወደ ታች ሰደድኩት፤ እንጥፍጣፊ ብቻ ነካኝ። ሳወጣው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ነው የያዘው፤ ውሃና ዘይት ተመቶ አረፋ የሆነ። ግማሹ በጠብታ ሄዷል፣ ግማሹን ወንዙ በክሎታል። ማር የመሰለው የደምሰው ዘይት ይህ ሆኗል።

ጋሽ ሰይድ ወጥተው ዉዱእ ሊያደርጉ ወደ ውሃው ሄዱ። እኔ አፉ የተቆረጠ ባዶ ጀሪካን ሥሯ አስቀመጥኩ። መፍቻውን የታችኛው ብሎን ላይ ሰካሁ። እሱ ቀላል ነው፤ አንድ ግፊት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እጄ እንቢ አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ አይደል የተነሳሁት? በጀርባዬ ተኝቼ ያን ብሎን አየዋለሁ። ያጠበቀው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ የሰው እጅ አልነካውም። ይህን ከፈታሁት፣ ይህ ከፈሰሰ፣ ደምሰው በዚህ ዓለም ላይ ካስቀመጠው ነገር ምን ይቀረኛል? «ደምስዬ፣ ምን ላድርግ?» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አለቀስኩ። እንባው ወደ ጆሮዬ ይወርዳል። ወንዙ ይጮኻል።

«ልጄ፣ ምነው ቆየሽ?» ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ሶላታቸውን ጨርሰዋል፣ እግራቸው ብቻ ይታየኛል።

«ትኩስ ነው ጋሼ» አልኩ። «ይቀዝቅዝ፣ ያቃጥለኛል።»

ውሸቴን ነው። ትኩስስ ነበር፤ ግን ጨርቅ ጠምጥሜ ፈትቼ ገለል ማለት እችል ነበር፤ ደምሰው ሺህ ጊዜ ሲያደርገው አይቻለሁ። ጋሽ ሰይድ አመኑኝ። «ሸጋ» አሉ። ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። የጫማቸው አፍንጫ መሬቱን ሲመታ፣ ሲመታ ይሰማኛል። አንዴም አልጠሩኝም።

መጨረሻ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ገፋሁት። ፈሰሰ። በሁለት መዳፌ ልይዘው ሞከርኩ፤ ምኑ ይያዛል፣ ግራጫ አረፋ ነው፣ ውስጡ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። ሲያልቅ ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁ። አዲሱን ዘይት በጎማ ቱቦ በላይኛው ቀዳዳ ሞላሁ፤ በቀዳዳው ተርፎ ሲንጠባጠብ ዘጋሁት። ወጥቼ ስልኬን ሳይ የታችኛው ብሎን ሥር ሩብ ሰዓት ያህል መተኛቴን አወቅሁ።

ማንሻውን ስስብ አጉረመረመች፣ ተንገጫገጨች፣ ገባች። ከአሸዋው ወጣን፣ ወንዙን ሰነጠቅነው። ጋሽ ሰይድ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው በልባቸው ዱዓ ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም።

የመንደሩን መቃብር ከሩቅ አየነው። ወንዶቹ ተሰብስበዋል። ሲንቀሳቀሱ አየሁና እሰይ፣ ደርሰናል አልኩ። ስንጠጋ ግን እጃቸው ላይ ያለው አካፋ ነው። ጋሽ ሰይድ መኪናዋ ሳትቆም ወረዱ። የሚስታቸው ወንድም ሮጦ መጥቶ አቀፋቸው።

«አስር ሰዓት ድረስ ጠበቅን፣ ሰይድ። አሁን ነው ያወረድናት። አሁን፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። መንገዱን እያየን፣ እያየን...»

ሩብ ሰዓት። ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ጋሽ ሰይድ ከእቅፉ ወጡ። ጉድጓዱ ዳር ተንበረከኩ፤ አፈሩ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አንዱ አካፋ ሊሰጣቸው ሲል በእጃቸው ገፉት። በሁለት መዳፋቸው አፈር አፈሱ፣ ጨመሩ። ደግመው አፈሱ፣ ጨመሩ። ሌሎቹ እስኪያስነሷቸው ድረስ በእጃቸው ነው የጨመሩት። እኔ የመኪናዬን በር ይዤ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ወንድሟ ወደ እኔ መጥቶ «ምን አገኛችሁ?» ሲለኝ ጋሽ ሰይድ ከዚያው ሆነው «መኪና ነው፣ ይበላሻል፤ ልጅቷ የምትችለውን አድርጋለች» አሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ሐዘኑ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ጾም መሆኔን ሲያውቁ ሴቶቹ ቂጣና ሽሮ ፈልገው አመጡልኝ፤ በዚያ ሐዘን ላይ ሆነው ስለ ጾሜ ይጨነቃሉ። ልውጠው አልቻልኩም።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈው። ያን ሰሞን ጌታቸው ትራንስፈሯን አውርዶ ሲከፍታት ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቶ ነበር፤ ቀየርነው። ዲፈረንሻሎቹንም አስከፈትኳቸው፤ እነሱም ውስጥ ውሃ አገኘን። በጀሪካን የያዝኩትን አሮጌ ዘይት ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥሩን እንጨት ቀባበት። ዛሬ ክረምት በወጣ ቁጥር፣ ወንዝ ውስጥ ገብቼ ከከረምኩ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ባይደርስም፣ ራሴ ሥሯ ገብቼ አየዋለሁ። የላይኛውን ብሎን መጀመሪያ። ጣቴን አስገባለሁ። ጥርት ያለ ከሆነ እዘጋለሁ፤ ደፍርሶ ካገኘሁት በዚያው ቀን እቀይራለሁ። መተንፈሻዋንም ቱቦ ቀጥለን ወደ ላይ አውጥተናታል።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ደምሰው አሁን አይናፍቀኝም የምላችሁ እንዳይመስላችሁ። ይናፍቀኛል። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ፣ ማንም የማይሰድበኝ ቀን፣ ጥሩ ቀልድ ሰምቼ የምነግረው ሳጣ ይናፍቀኛል። ናፍቆት ሰው አይጎዳም ብዬ ነበር የማምነው፤ የራሴ ሆድ ውስጥ ያለ፣ የራሴ ጉዳይ ነው ብዬ። ከራሴ አልፎ የሌላ ሰው ሚስት ፊት ላይ ይደርሳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ከእናንተም ውስጥ እንዲህ አድርጎ የያዘው ነገር ያለው ሰው አይጠፋም። ጣሉት አልላችሁም። እዩት ግን። ከፍታችሁ እዩት፣ ምን እንደሆነ።

የቀብሩ ዕለት ግን ወንዙ ይበልጥ ሳይሞላ መመለስ ነበረብኝ። ጋሽ ሰይድ ለሐዘኑ እዚያው ይቆያሉ፤ እስከ መኪናዬ ሊሸኙኝ ወጡ። በሩን ከፍቼ መግባት አቃተኝ። ዞርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የደምሰውን ቅዳሜ፣ የተውኩትን ዘይት፣ የሸፈንኩትን ጠብታ። ከዚያም «ትኩስ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ሩብ ሰዓት ያለቀስኩት ለባሌ ነው። የእርስዎን ሩብ ሰዓት ነው የወሰድኩት» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። «አስታግፊሩላህ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። መንደሩን ሲያዩ ረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔ እዚያው ተተክዬ ቀረሁ፤ ሂጂም፣ ቆዪም የሚለኝ የለም።

ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። የሸሚዛቸውን ደረት በሁለት ጣት ያዝ አደረጉት።

«ይህን ጁምዓ ዕለት ዘሐራ ናት ያጠበችልኝ» አሉኝ። «መኪናሽ ውስጥ ስንመጣ ከእንግዲህ አላወልቀውም ብዬ ለራሴ ስነግረው ነበር። ላንቺ አልነገርኩሽም እንጂ።»

አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«አንቺ ሦስት ዓመት ይዘሽ ታውቂዋለሽ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር እስከ መቼ ነው የሚያዘው?»

«እስኪቆሽሽ ድረስ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

አጎንብሰው ሸሚዛቸውን አዩ። ደረቱ ላይ ከመኪናዬ ሥር የነካው ዘይት አለ፤ እጅጌው እስከ ክርኑ የመቃብር አፈር ነው።

«ቆሽሿል እኮ» አሉኝ።